የማይታየውን ክንፍ ማየት
በአየር ላይ የሚያንዣብቡ ነፍሳት በፎቶግራፍ የተጠኑበት ታሪክ

መግቢያ

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ከአበባው በላይ አንዲት ትንሽ ዝንብ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ትታያለች። ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር መስመር ስላለው ብዙ ሰው ንብ ናት ብሎ ይሸሻታል፤ ነገር ግን መናደፊያ የላትም፤ ክንፏም እንደ ንብ አራት ሳይሆን ሁለት ብቻ ነው። ሰውነቷ ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቅ ክንፏ ግን ጭራሽ አይታይም፤ በክንፉ ቦታ እንደ ስስ ጉም ያለ ነገር ብቻ ይታያል። እጅ ቢሰዱባት ባልታሰበ አቅጣጫ ትወረወርና ጥቂት ቆይታ ተመልሳ እዚያው ትቆማለች። በዚህ ጽሑፍ አንዣባቢ ዝንብ እያልን እንጠራታለን።

ይህች ዝንብ ለተመልካች የምትሰጠው ደስታ ቀላል ቢሆንም፣ ለተማሪ የምታቀርበው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ወደ ፊት ሲገሠግሥ ክንፉን አልፎ የሚሄደው አየር ስለሚደግፈው ነው። ወደ ፊት የማይሄድ ነገር ታዲያ በምን ተደግፎ ይቆማል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ክንፉ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ክንፉን ለማየት ደግሞ የሰው ዐይን አይበቃም። ስለዚህ ጥያቄው ከፍጥረት ጥናት ወደ ፎቶግራፍ ጥበብ ተሻገረ፤ ከመቶ ዓመት በላይም በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖረ።

ታሪኩ ከላይ ሲታይ መሣሪያ እየፈጠነ የሄደበት ታሪክ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት ለማስረዳት የምንሞክረው ከዚህ ጥቂት የተለየ ነው። በራሪውን ነፍሳ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሦስት ችግሮች መፈታት ነበረባቸው። አንደኛው የብርሃኑን ዕድሜ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ትክክለኛዋን ቅጽበት መያዝ ነው። ሦስተኛው ነፍሳውን ሳያስሩና ሳያስጨንቁ ማንሣት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው በ1904 መንገድ አግኝተው ነበር። ሦስተኛው ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ እውቀቱም በሚገባ ወደ ፊት የተራመደው እርሱ ከተፈታ በኋላ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የችግሩ ልክ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና አስቀድመን አንድ ቀላል ስሌት እናቅርብ። ክንፏ ከሥሩ እስከ ጫፉ 10 ሚሊሜትር የሆነ፣ በሰኮንድ 150 ጊዜ የምትመታ አንዲት ዝንብ እናስብ። ክንፉ ወደ አንድ ወገን ሲወረወር የክበብ ሩብ ያህል ይዞራል ብንል፣ ጫፉ በመሄጃው 16 ሚሊሜትር ገደማ፣ በምልልሱ ደግሞ 31 ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ በ150 ሲባዛ በሰኮንድ 4.7 ሜትር ያህል ይሆናል።

እንግዲህ የካሜራው መዝጊያ ለሰኮንድ 1/1,000 ብቻ ተከፍቶ ቢዘጋ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ የክንፉ ጫፍ ወደ 5 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ይኸውም የክንፉን እኩሌታ የሚያህል ነው። በሥዕሉ ላይ የሚቀረው ክንፍ ሳይሆን ጉም ይሆናል። ጊዜው ወደ 1/25,000 ቢያጥር ግን ጉዞው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ ክንፉ ከነጅማቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይሁን እንጂ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጊዜው 25 ጊዜ ሲያጥር ብርሃኑ 25 ጊዜ መጠንከር አለበት፤ አለዚያ ፊልሙ ጨለማ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የቅጽበቷ ነገር ነው። ትንሽ ነገር በቅርብ ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ነፍሳው ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ወይም ቢቀር ሥዕሉ ይደበዝዛል። ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ የሰኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። የምሳሌያችን ዝንብ በዚህ ጊዜ ውስጥ 30 ጊዜ ክንፏን መትታለች። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ምንም ያህል ንቁ ቢሆን ለዚህ ሥራ ዘገምተኛ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ችግሮች ለማቃለል የሚቀርበው መንገድ ነፍሳውን በመቆንጠጫ መያዝ ወይም በሰም ከእንጨት ጋር ማጣበቅ ነው። ያን ጊዜ ቦታዋ ይታወቃል፤ ጊዜዋም እንደ ልብ ነው። ነገር ግን የታሰረችው ዝንብ የራሷን ክብደት አትሸከምም። የሚሸከምላት መቆንጠጫው ነው። ታዲያ ክብደቷን የማትሸከም ዝንብ ክብደት እንዴት እንደሚነሣ በርግጥ ልታሳየን ትችላለችን? የጽሑፋችን ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

በጥላሸትና በወርቅ ቅጠል

ይህን ጥናት በመልካም ሥርዓት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የሰውነት አሠራር ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ (1830–1904) ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ማሬ በእጁ የነበረው ፎቶግራፍ ለዚህ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ስለ ነበረ ሌላ ብልሃት ፈለገ። በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠቀለለና ነፍሳውን በመቆንጠጫ ይዞ የክንፉን ጫፍ ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። ክንፉ በመታ ቁጥር ጥላሸቱን እየጠረገ ነጭ ምልክት ይተዋል። በአጠገቡም በሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የታወቀ የድምፅ መቃኛ ሹካ እንዲሁ መስመሩን ይጽፋል። ሁለቱን መስመሮች በማስተያየት የክንፉ ምት ተቈጠረ።

ማሬ በ1873 «ላ ማሺን አኒማል» በተባለው መጽሐፉ ያወጣው ቍጥር የሚከተለው ነው፤ የቤት ዝንብ በሰኮንድ 330 ጊዜ፣ ንብ 190፣ ተርብ 110፣ በአበባ ፊት የምታንዣብበው የእሳት ራት 72፣ በኩሬ ዳር የምትበረው ረጅም ሰውነት ያላት የውኃ ተርብ 28፣ የጎመን ቢራቢሮ 9። በዐይን የማይታይ ነገር በዚህ ዓይነት ተቈጥሮ በወረቀት ላይ መስፈሩ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር።

የክንፉን መንገድ ለማወቅ ደግሞ ማሬ በተርብ ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቂት የወርቅ ቅጠል ለጥፎ ተርቧን በጥቁር መደብ ፊት በፀሐይ ብርሃን አስቀመጠ። ወርቁ ሲያብለጨልጭ በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ ተሣለ። ከዚህም ክንፉ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚመታ ሳይሆን በየመመለሻው ፊቱን የሚገለብጥ መሆኑን ተረዳ። በዚያው ዘመን ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጀምስ ቤል ፔቲግሩ የ8 ቁጥሩን ቅርጽ አስቀድሜ ያስታወቅሁ እኔ ነኝ በማለት ተከራክሮታል።

ለእኛ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማሬ ራሱ ያስተዋለው አንድ ነገር ነው። ክንፉ በጥላሸቱ ወረቀት ላይ በብርቱ ሲፈገፍግ ምቱ ይቀንስ ነበር፤ ፍግፈጋው ሲቀል ቍጥሩ ከፍ ይል ነበር። ይህ ማለት መለኪያው የሚለካውን ነገር ይለውጠው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ክንፉን ሳይነካ የሚጽፍ ብዕር ያስፈልግ ነበር፤ ያም ብዕር ብርሃን ነው።

ብልጭታው

ብርሃንን እንደ ብዕር የመጠቀም አሳብ ከማሬ በፊት በእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ነበር። ከፎቶግራፍ አባቶች አንዱ የሆነው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልበት በ1851 በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ የታተመ የጋዜጣ ገጽ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ በጨለማ ክፍል በኤሌክትሪክ ብልጭታ አንሥቶት ነበር። ሰሌዳው በፍጥነት ይዞር የነበረ ቢሆንም ፊደሎቹ ሥዕሉ ላይ ሊነበቡ ችለዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ክፍሉ ጨለማ ከሆነና ብርሃኑ ራሱ አጭር ከሆነ የካሜራው መዝጊያ ፈጣን መሆን አያስፈልገውም፤ ጊዜውን የሚቈርጠው ብልጭታው ነው።

ማሬ በ1882 በጠመንጃ መልክ የተሠራ ፎቶግራፍ ማንሻ አበጀ። መሣሪያው በሰኮንድ 12 ሥዕል ያነሣ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ሥዕል የሚከፈተው ለሰኮንድ 1/720 ነበር። ለሚበር ወፍ ይህ ደኅና ነው። በሰኮንድ 190 ጊዜ ለምትመታ ንብ ግን ከአንዱ ሥዕል እስከ ሚቀጥለው ድረስ ክንፏ ወደ 16 ጊዜ ይመላለሳል። በ1891 ማሬ የፀሐይን ብርሃን በመስታወት አከማችቶ፣ ነፍሳቱ በብርሃኑ ፊት እንደ ጥላ እንዲታዩ አድርጎ፣ ጊዜውን ወደ ሰኮንድ 1/25,000 አወረደው። የነፍሳት ክንፍ በሥዕል ላይ ቆሞ ታየ። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እናገኘዋለንና።

ሥራውን ወደ ፊት የገፋው የማሬ ረዳት ሉስየን ቡል (1876–1972) ነው። ቡል በደብሊን ተወልዶ በፓሪስ ከማሬ ጋር የሠራ ሰው ነው። በ1904 ባቀረበው መሣሪያ ውስጥ ፊልሙ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ተጠቅልሎ ሳይቆም ይዞራል፤ በርሜሉም በዞረ መጠን በየተወሰነው ርቀት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈነጥቃል። ብልጭታው እጅግ አጭር ስለ ሆነ ፊልሙ እየተንቀሳቀሰም ሥዕሉ አይደበዝዝም። በዚህ ዘዴ በሰኮንድ ከ1,000 የሚበልጥ ሥዕል ተገኘ። ሥዕሉም በሁለት ሌንስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚነሣ ነፍሳው በጥልቀት፣ እንደ ቁም ነገሩ ሆኖ ይታይ ነበር።

ይሁንና በእኛ አስተያየት የቡል ትልቁ ሥራ የሥዕሉ ብዛት አይደለም። ፊልሙ በአንድ ዙር የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ሰው ቁልፍ እስኪጫን ነፍሳው አምልጦ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ቡል ቁልፉን ለነፍሳው ሰጠው። ዝንቧ ከመስታወት ቱቦ ስትወጣ በአፉ ላይ ያለውን ቀላል ክዳን ትገፋለች፤ ክዳኑም ሲነቃነቅ የኤሌክትሪኩን መስመር ያንቀሳቅሳል፤ ብልጭታውም ይጀምራል። ዝንቧ ራሷን በራሷ አነሣች ማለት ነው። በዚህም የብርሃን ዕድሜና የቅጽበት ችግር በአንድነት መንገድ አገኙ። ነገር ግን የታየችው ዝንብ ከጠባብ ቱቦ ደንግጣ የምትወጣ ዝንብ ነበረች። በአበባ ፊት ረግታ የምታንዣብበው ዝንብ ገና አልተነሣችም።

ስሌትና ዝንብ የተጣሉበት ዘመን

በ1934 ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ አንትዋን ማኛን ስለ ነፍሳት በረራ አንድ መጽሐፍ አወጣ። በመግቢያውም የአውሮፕላን የአየር ሕግ በነፍሳት ላይ ቢሠራበት፣ ከሒሳብ ሊቁ አንድሬ ሴንት ላግ ጋር እንደ ደረሰበት፣ የነፍሳት መብረር የማይቻል ነገር ሆኖ እንደሚገኝ ገለጸ። ይህ ቃል ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተዛምቶ፣ ሳይንስ ትልቋ ጸጉራም ንብ ልትበር አትችልም ይላል፣ ንቧ ግን ሳይንስን ስለማታውቅ ትበራለች የሚል ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ቀልዱ ደስ ቢያሰኝም ነገሩን ያበላሸዋል። ንቧ እንደምትበር ማኛን ያውቃል፤ ፎቶግራፍም የሚያነሣ ሰው ነበር። ስሌቱ ያሳየው ንቧ እንደማትበር ሳይሆን፣ ለማይንቀሳቀስ የአውሮፕላን ክንፍ የተሠራው ሕግ ለምትመታዋ ክንፍ የማይበቃ መሆኑን ነው። አንድ ስሌት በዐይን ከሚታይ ነገር ጋር ሲጋጭ የሚመረመረው ስሌቱ የቆመበት መሠረት ነው። ያን ለመመርመር ግን የክንፉ እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ መለካት ነበረበት።

በ1930ዎቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን (1903–1990) ጋዝ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክን በድንገት በማሳለፍ ብርቱና አጭር ብልጭታ ደጋግሞ የሚሰጥ መሣሪያ አዘጋጀ። በዚህም በአበባ ፊት የምታንዣብበውን የአሜሪካን ትንሽ ወፍ፣ ሃሚንግበርድን፣ ክንፏን አቁሞ አነሣ። ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሚይዘው ፍላሽ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄውን ያነሡት የዴንማርክ ሰዎች ናቸው። ቶርኬል ቫይስ ፎግ (1922–1975) እና ማርቲን የንሰን በ1956 ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት የበረሃ አንበጣን ነው። ይህ አንበጣ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በ2019 እና በ2020 እንኳ በብዙ አውራጃ ሰብል ላይ ወርዶ ነበር። ሊቃውንቱ አንበጣውን የነፋስ ፍጥነት በሚመጠንበት ዋሻ ውስጥ አስረው ሲያበርሩት፣ ነፋሱ አንበጣው በነጻ ሲበር ከሚገጥመው ጋር እንዲመጣጠን፣ የሚያነሣውም ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እንዲስተካከል ተጠነቀቁ። የክንፉንም እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ለኩ። ውጤቱ ወደ ፊት ለሚበር አንበጣ የታወቀው የአየር ሕግ እንደሚበቃ አሳየ። በዚህ ረገድ ማሰሩ ያን ያህል አልጎዳም፤ ምክንያቱም ከነጻው በረራ ጋር ተመዝኖ ነበር።

ለሚያንዣብቡት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1973 ቫይስ ፎግ ብዙ አንዣባቢ እንስሳትን አሰልፎ ሲመዝን፣ አብዛኞቹ በታወቀው ሕግ ሊገለጹ እንደሚችሉ ገመተ። ሦስት ወገኖች ግን ከመስመር ወጡ፤ እነርሱም አንዣባቢ ዝንቦች፣ የውኃ ተርቦችና ኤንካርስያ ፎርሞሳ የምትባል ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ተርብ ናቸው። ይህች ትንሽ ተርብ ክንፏን በሰኮንድ 400 ጊዜ ያህል ትመታለች። ፈጣን ፊልም ሲመረመር ሁለቱ ክንፎች ከጀርባዋ በላይ እንደ ማጨብጨብ ተጋጥመው፣ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከአንድ ወገን ሲከፈቱ ታየ። አየሩ በሚከፈተው መካከል ሲገባ በክንፎቹ ዙሪያ አዙሪት ይፈጠራል፤ ክንፉም ሳይዘገይ የማንሣት ኀይል ያገኛል። የትንሿ ተርብ ምሥጢር በዚህ ተገለጠ፤ የአንዣባቢዋ ዝንብ ግን እንደ ተሸፈነ ቆየ።

ነጻይቱ ነፍሳ

በዚሁ በ1970ዎቹ ውስጥ ጥያቄውን ከሌላ ወገን የያዘው ፕሮፌሰር ሳይሆን እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እስቲቨን ዳልተን በነጻ የሚበሩ ነፍሳትን ጥርት ባለ የቀለም ሥዕል ለማንሣት ተነሣ። የተራ ካሜራ መዝጊያ ትእዛዝ ተቀብሎ እስኪከፈት ጊዜ ይፈጃል። በሰኮንድ 3 ሜትር የምትበር ነፍሳ በሰኮንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ትርቃለችና፣ መዝጊያው ሲከፈት የሚያየው ባዶ አየር ነው። ስለዚህ ዳልተን እጅግ ፈጥኖ የሚከፈት መዝጊያና የሰኮንድ 1/25,000 ዕድሜ ያለው ብርቱ ፍላሽ እንዲሠራለት አደረገ። ነፍሳዋ ቀጭን የብርሃን ጨረር ስታቋርጥ የኤሌክትሪክ ዐይን ያያትና ካሜራውን ያስነሣል። በ1975 ሥራውን «ቦርን ኦን ዘ ዊንድ» በተባለ መጽሐፍ አወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። የብርሃኑ ዕድሜ ማሬ ከ84 ዓመት በፊት ከደረሰበት ጋር አንድ ነው፤ ነፍሳዋ ራሷን እንድታነሣ ማድረጉም የቡል አሳብ ነው። አዲስ የሆነው ነገር ነጻነቷ ነው። በቱቦ አፍ ላይ የነበረው ክዳን መገፋት ነበረበት፤ የብርሃን ጨረር ግን ክብደት የለውም፤ ነፍሳዋ ሳታውቀው ታልፈዋለች። ከዳልተን ሥዕሎች አንዱ በ1977 በቮየጀር መንኰራኵሮች ላይ ወደ ሕዋ በተላከው የወርቅ ሸክላ ውስጥ ከተመረጡት የምድር ሥዕሎች ጋር ተቀርጿል።

ነጻነት ስለ ክንፍ ብቻ ሳይሆን ስለ ጠባይም ያስተምራል። በ1975 በእንግሊዝ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ኮሌትና ማይክል ላንድ አንዣባቢ ዝንቦችን ሳያስሩ በፊልም አንሥተው፣ ዐይናቸው በረራቸውን እንዴት እንደሚመራ አጠኑ። በ1978 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአየር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ወንድ ዝንብ ሴት ስታልፍ ሲያይ እርሷ ወዳለችበት ሳይሆን ወደምትደርስበት ስፍራ እንደሚወረወር አመለከቱ። አዳኝ ለሚበር ወፍ ጥቂት ወደ ፊት አስቀድሞ እንደሚያነጣጥር ማለት ነው። እንግዲህ መቆሙ ዕረፍት አይደለም፤ አድብቶ መጠበቅ ነው። ይህ በሰም ከተጣበቀች ዝንብ ከቶ ሊገኝ የማይችል እውቀት ነው።

ጢሱ ያሳየው አዙሪት

በ1984 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ኤሊንግተን ስለ አንዣባቢ ነፍሳት የአየር ሕግ ስድስት ተከታታይ ጽሑፎች በአንድነት አሳተመ። መሠረቱ በነጻ የሚያንዣብቡ ነፍሳት ፈጣን ፊልም ነበር። ከዚያም የክንፉን መንገድ ከፊልሙ እየለካ ሒሳቡን እንደ ገና ሲሠራ፣ የተለመደው ሕግ ለማንዣበብ በአጠቃላይ እንደማይበቃ አስረዳ። ማኛን በ1934 የተጋጨበት ግድግዳ አሁን በትክክል ታወቀ፤ ኀይሉ የሚመጣው አየሩ በየቅጽበቱ ከሚለዋወጥበት ሁኔታ ነው።

ክንፉን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተገኘ፤ አየሩን የሚያሳይ ግን ቀረ፤ አየር አይታይምና። በ1996 ኤሊንግተንና ባልንጀሮቹ አንዲት ትልቅ አንዣባቢ የእሳት ራት በጢስ ውስጥ እንድትበር አደረጉ። የእሳት ራቷንም ክንፍ አሥር ጊዜ የሚያህል በሞተር የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክንፍ አበጅተው፣ በፊልም በተለካው የማንዣበብ እንቅስቃሴ አስመቱት። ክንፉ ትልቅ ሲሆን ምቱ ዝግ ስለሚል ጢሱን በዐይን መከተል ይቻላል። በክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ላይ የአየር አዙሪት ተጠቅልሎ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሲሄድ ታየ። ይህ አዙሪት ከክንፉ በላይ ያለውን ግፊት ዝቅ ስለሚያደርግ ክንፉ ወደ ላይ ይሳባል። የአውሮፕላን ክንፍ ይህን ያህል ቢያዘነብል አዙሪቱ ወዲያው ይላቀቅና አውሮፕላኑ ይወርዳል፤ ነፍሳ ግን አዙሪቱ ሳይላቀቅ ክንፏን ገልብጣ ሌላውን ምት ትጀምራለች። በ1999 በአሜሪካ ማይክል ዲኪንሰንና ረዳቶቹ በዘይት ገንዳ ውስጥ በሚሠራ ሰው ሠራሽ የዝንብ ክንፍ፣ የክንፉ መገልበጥ ራሱ ኀይል እንደሚጨምር አመለከቱ።

በመጨረሻም በ2010 የታተመ የኦክስፎርድ ሊቃውንት ጥናት ወደ አንዣባቢዋ ዝንብ ተመለሰ። በነጻ የምትበረዋን ዝንብ በአራት ፈጣን ካሜራዎች ከአራት ወገን በአንድ ጊዜ አንሥተው፣ ክንፏ እንደ ሰሌዳ የደረቀ ሳይሆን በየምቱ የሚጣመምና የሚጎብጥ መሆኑን በልክ አወጡ። ማሬ በወርቅ ቅጠል አንዲት ነጥብ ብቻ ተከተለ፤ እነዚህ ግን የክንፉን ገጽ በሙሉ ተከተሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ የታሰረ ነፍሳ ጥናት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። በ1956 አንበጣው ታስሮ ነበር፤ በ1996ም ጢሱ በደንብ የታየው በሰው ሠራሽ ክንፍ ላይ ነው። ልዩነቱ እነዚህ የታሰሩና የተሠሩ ነገሮች ከነጻው በረራ ጋር መመዘናቸው ነው። ነጻይቱ ነፍሳ ሚዛን ናት፤ የታሰረችው ተመዛኝ ናት። ይህ ሥርዓት ሲገለበጥ ስሌት ከፍጥረት ጋር ይጣላል።

ስለዚህ የበራሪ ነፍሳ ፎቶግራፍ ሲቀርብልን ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ይገባል። ብርሃኑ ምን ያህል ቆየ? ቅጽበቷን የመረጠው ማን ነው? ነፍሳዋስ ነጻ ነበረችን? የመጀመሪያው ስለ ሥዕሉ ጥራት፣ ሁለተኛው ስለ አጋጣሚና ስለ ምርጫ፣ ሦስተኛው ስለ እውነትነቱ ይነግረናል። የሥዕሎችም ብዛት በጥንቃቄ ይታይ። ዛሬ አንዳንድ የኪስ ስልክ በሰኮንድ 240 ሥዕል ያነሣል፤ ይህ በሰኮንድ 150 ጊዜ ለሚመታ ክንፍ በአንድ ምት ሁለት ሥዕል እንኳ አይሞላም። ሥዕሉና ምቱ በቍጥር ቢገጥሙ ደግሞ የሚመታው ክንፍ ፈጽሞ የቆመ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ፊልም አይቶ ክንፏ አይንቀሳቀስም የሚል ተማሪ ዐይኑ አልዋሸውም፤ መሣሪያው ግን አታሎታል።

በሌላ ወገን ይህ ጥናት ለሀብታም ተቋም ብቻ የተተወ እንዳልሆነ ማመልከት እንወዳለን። የተራ ፍላሽ ኀይል ወደ መጨረሻው ዝቅታ ሲወርድ የብልጭታው ዕድሜ በብዙው ያጥራል፤ ወደ ሰኮንድ 1/20,000 የሚጠጋም አለ። ብርሃኑ ደካማ ስለ ሆነ ሁለት ወይም ሦስት ፍላሽ ወደ አበባው አስጠግቶ፣ ጥላ ባለበት ስፍራ መሥራት ነው። አንዣባቢዋ ዝንብ ደግሞ ወደ ነበረችበት ስፍራ የመመለስ ልማድ ስላላት፣ ትዕግሥት ላለው ሰው ቅጽበቷን ራሷ ትሰጠዋለች። የፊዚክስና የፍጥረት ጥናት ተማሪዎች በአንድነት ቢነሡ፣ በደጋው አበባ ላይ የሚያንዣብቡትን ዝንቦች በየወሩና በየከፍታው ማንሣትና መመዝገብ ይችላሉ። ከፍ ባለ አገር አየሩ የሳሳ በመሆኑ ያው ዝንብ በባሕር ጠረፍ ከሚያስፈልጋት የበለጠ አየር በክንፏ መግፋት ይኖርባታል፤ ይህንም ምቷን በማፍጠን ወይም ክንፏን አስፍታ በመወርወር ታደርገው እንደ ሆነ መጠየቅ ለእኛ ተራራዎች የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱም በስሌት ብቻ ሳይሆን በነጻ ከምትበረው ዝንብ ሥዕል ላይ ተለክቶ መምጣት አለበት።